ራውተር ስትገዙ አንቴናውን ሳይሆን በሩን ቁጠሩ!

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ አከራይ ጠባይ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ አንድ ያልተለመደ ጉዳይ ልወስዳችሁ ነው። ጉዳዩ ራውተር ይባላል። አዎ፣ ያቺ ቲቪው አጠገብ ተጎልታ አረንጓዴ መብራት የምታርገበግበው፣ «ዋይፋዩ ጠፋ!» ተብሎ ሲጮህ ብቻ የምትታወሰን ትንሽ ሳጥን። «ይቺ ደግሞ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። ቆይ አንዴ! መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብቡት።

ደብዳቤው የመጣው ከአብደራፊ ነው። አብደራፊን ለማታውቁ፣ በምዕራብ ጎንደር ዞን በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ለሱዳን ድንበር የቀረበች፣ የሰሊጥና የማሽላ አገር፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ቆላ። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟን እንዳናወጣ አደራ ብላናለች። አደራዋን ጠብቀን፣ ደብዳቤዋን ጥቂት አሳጥሬ እነሆ።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የአባቴን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አባቴ ሰሊጥ ይነግዳል። ግቢያችን ውስጥ አንድ መጋዘንና ለመንገደኛ የሚከራዩ አምስት ክፍሎች አሉ። ሰሊጥ ሲደርስ ነጋዴው፣ ደላላው፣ ሾፌሩ ስለሚመጣ ክፍሎቹ ባዶ አያድሩም። ‹ዋይፋይ አለ?› ሳይል የሚከራይ ሰው ስለሌለ አባቴ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ገዛ። ፓስወርዱንም ወረቀት ላይ አጽፎ በየክፍሉ በር ለጠፈው።

«ጎንደር የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ሁለት ካሜራ አምጥቶ አንዱን መጋዘኑ በር ላይ፣ ሌላውን ግቢውን እንዲያይ ብሎ ከእኔ ክፍል ትይዩ ሰቀለው። እሱ ጎንደር ቁጭ ብሎ በስልኩ ያያል። ካሜራው፣ ቲቪው፣ የእኔ ስልክ፣ የተከራዮቹ ስልክ ሁሉም በዚያው በአንዱ ዋይፋይ ነው። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ የባንኩም አፕ፣ ቴሌብሩም ያለው በእኔ ስልክ ነው። ክፍያውን የምፈጽምለት እኔ ነኝ።

«አንድ ማታ ከማላውቀው ሰው በቴሌግራም ፎቶ ተላከልኝ። ሳየው እኔው ነኝ! ትከሻዬን ገልጬ ግቢ ውስጥ ፀጉሬን ስታጠብ ከላይ የተነሳ ነው። ጥጉ ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። የካሜራችን ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ‹ታምሪያለሽ› የሚል አለው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ለወንድሜ ስነግረው ‹ድሮስ ግቢ መሀል ማን ታጠቢ አለሽ?› አለኝ። አባቴ ደግሞ የገባው ‹የልጄ ፎቶ በሰው ስልክ ወጣ› የሚለው ብቻ ነው። ስልኬን ተቀበለኝ። ክፍያ ሲኖር አውጥቶ ይሰጠኝና መልሶ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ይህን የምጽፍላችሁም በጓደኛዬ ስልክ ነው። አሁን ወንድሜ ‹ስምንት አንቴና ያለው ኃይለኛ ራውተር ልግዛና ነገሩ ያልቃል› ይላል። እውነት ያልቃል? ወይስ ዋይፋዩንም ካሜራውንም ነቅለን እንጣለው? ዋይፋይ ከሌለ ክፍሉን የሚከራየን የለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ደብዳቤው ይኸው ነው። እናንተዬ፣ አሁን ይሄ የኑሮ ጉዳይ አይደለም?

ጥፋቱ የማን ነው?

እህቴ፣ ከራውተሩ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። በአባትሽ ግቢ፣ በገዛ ቤትሽ ፀጉርሽን መታጠብ ጥፋት አይደለም። ጥፋተኛው የሰው ጓዳ ሾልኮ ያየው፣ ያየውንም ፎቶ አድርጎ የላከው ሰው ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ወይም ኔትወርክ ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ካሜራም ቢሆን ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒዩተር ያለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ያንን መልእክት በንዴት እንዳታጠፊው! የላኪውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር እንዳለ አስቀምጪው። ለፖሊስ ለማመልከት ስትወስኚ ማስረጃሽ እሱ ነው። በሌላ በኩል ያለ ማስረጃ «ሦስተኛው ክፍል ያለው ደላላ ነው» እያሉ ሰው መጠርጠር በጭንቀት ላይ ጠብ መጨመር ነው።

ሁሉም አንድ አዳራሽ

አሁን ወደ ሳጥኗ እንምጣ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ይዤ ኔትወርክ በመዘርጋት ወደሚተዳደር አንድ ወዳጄ ሄድኩ። አንብቦ ሲጨርስ ስለ አንቴና አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ስንት ኔትወርክ አላቸው?» አለኝ። «አንድ ነዋ!» ብለው፣ «በሽታው እሱ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ኢንተርኔት አምጪ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትም መንገድ ነው። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ስልኮች፣ ካሜራዎችና ቲቪዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አዳራሽ እንደተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን በር ሄዶ ማንኳኳት ይችላል። «እዚህ ዋይፋይ ላይ ምን ምን ዕቃ አለ?» ብሎ የሚዘረዝር አፕ በነፃ ይገኛል፤ ሥራውም የደቂቃ ነው። ካሜራው ተገኘ እንበል። ከፋብሪካ የመጣበት ፓስወርድ ካልተቀየረ በሩ ገርበብ ያለ ቤት ማለት ነው።

«ማን የእኛን ካሜራ ብሎ ይፈልጋል?» እንዳትሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት አሉ። ጥቃቱ የተሰነዘረው ዳይን በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ላይ ነበር። መሣሪያው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በየሰዉ ቤት የተሰቀሉ ተራ ካሜራዎችና ራውተሮች! ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የታወቁ 60 ገደማ የፋብሪካ ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ የተከፈተለትን ሁሉ ሎሌው አደረገ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታትም ነቅተዋል። እንግሊዝ ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የቤት ዕቃዎች ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ቀላል ፓስወርድ ይዘው እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። እኛ ዘንድ ግን «አድሚን፣ አድሚን» እያለ የሚከፈተው ካሜራ ዛሬም ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ፎቶው የወጣው በግቢው ዋይፋይ በኩል ነው ብሎ መማል አይቻልም። ወንድምሽ የካሜራውን አፕ ፓስወርድ ለጓደኛው ሰጥቶ ወይም የድሮ ስልኩን አፑን ሳይዘጋ ሸጦ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ከሆነ የትኛውም ራውተር አያድንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ወንድምሽ ዛሬውኑ የአፑን ፓስወርድ ይቀይር። «በሌላ ስልክ የተከፈተውን ሁሉ ዝጋ» የሚል ቦታ ካለው ይጫነው። ካሜራዎቹ የየራሳቸው ፓስወርድ ካላቸውም እሱም ይቀየር። ከዚያ በኋላ ነው ራውተር የሚገዛው።

ጓዳ፣ የእንግዳ ክፍልና ዘበኛ ቤት

የአገራችን ሰው ቤት መከፋፈልን ከማንም አልተማረም። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከበራል። ጓዳ ግን አይገባም። ዘበኛውም የራሱ ቤት አለው፤ በሩን ይጠብቃል እንጂ የእመቤቲቱን ቁም ሣጥን አይከፍትም። ይህን ወግ ስንት ዘመን ስንጠብቅ ኖረን ዋይፋይ ሲመጣ ግን እንግዳውንም ዘበኛውንም ገንዘባችንንም አንድ ክፍል አስተኛናቸው!

ኔትወርክ መከፋፈል የሚሉት ይኸው ነው፤ አንዱን ዋይፋይ ሦስት ክፍል ማድረግ። አንደኛው ጓዳ ነው። የባንክ አፕና ቴሌብር ያለባቸው የቤተሰብ ስልኮችና ላፕቶፑ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው የእንግዳ ክፍል ነው። ተከራይ፣ ጎረቤትና የመጣ የሄደው ሁሉ እዚህ ኢንተርኔት ብቻ ያገኛል። ሦስተኛው ዘበኛ ቤት ነው። ካሜራ፣ ስማርት ቲቪ፣ በስልክ የሚታዘዝ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ እዚህ ይታጎራሉ። እነዚህ ዕቃዎች ከስልክ ይልቅ ቶሎ የሚሰበሩ፣ አምራቻቸውም ቶሎ የሚረሳቸው ናቸው። በሩ ደግሞ በአንድ ወገን የሚከፈት መሆን አለበት፤ የቤቱ ባለቤት ዘበኛ ቤት ገብቶ ያያል፣ ዘበኛው ግን ጓዳ አይገባም።

ሱቅ ስትገቡ ምን ትጠይቃላችሁ?

እንግዲህ ነጋዴው «ስድስት አንቴና፣ ግድግዳ ሰባሪ!» ሲላችሁ ሳሩን አይታ ገደሉን እንዳላየችው በሬ እንዳትሆኑ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፍጥነት ቁጥር ራውተሩ በሁሉም ሞገዶቹ ደምሮ በወረቀት ላይ የሚደርስበት ነው። ከሲም ካርዳችሁ የሚመጣው ኢንተርኔት ትንሽ ከሆነ አንቴና ቢደረደር አያበዛውም። ጥያቄያችሁ እነዚህ ይሁኑ።

አንደኛ፣ «ጌስት ኔትወርክ አለው ወይ?» ጌስት ማለት እንግዳ ነው። ግን «አለው» ሲባል አትመኑ፤ እዚያው ሱቅ አስሞክሩ። በስልካችሁ በጌስቱ ዋይፋይ ግቡና የራውተሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1 ወይም ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን፣ ክፈቱ። በዋናው ዋይፋይ ላይ የሌላ ሰው ስልክ ወይም ካሜራ ካለም በዚያ መዘርዘሪያ አፕ ፈልጉት። ራውተሩ ማስተካከያ ገጹን ለእንግዳ ከከፈተ ወይም ያኛው ዕቃ ከታየ ግድግዳው ሥዕል ነው። ሁለት የዋይፋይ ስም ማውጣትም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ብዙ ራውተሮች ለ2.4 ጊጋኸርዝና ለ5 ጊጋኸርዝ ሁለት ስም ያወጣሉ፤ ስሙ ሁለት ይሁን እንጂ ክፍሉ አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ «ከጌስቱ ሌላ ሦስተኛ ክፍል ያወጣል ወይ?» አንዳንድ አዳዲስ ራውተሮች ለቤት ዕቃዎች ብቻ የተለየ ኔትወርክ አላቸው። ከዚያ ከፍ ያሉት ደግሞ ቪላን የሚባለውን ይችላሉ። ቪላን አንዱን ራውተር የፈለጉትን ያህል ክፍል አድርጎ የመሸንሸን ዘዴ ነው። የላትቪያው ሚክሮቲክ በዚህ ይታወቃል። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም የሚቀበሉ ራውተሮችም ይችላሉ። ማን ለማን በር ይክፈት፣ ማን ይዝጋ የሚለውን እያንዳንዱን ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። ችግሩ የሚያውቅ ሰው እጅ ይፈልጋሉ። አብደራፊ ላይ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ በስህተት የተዘረጋ ቪላን ከሌለ ቪላን ይብሳል፤ ሰው ተጠብቄአለሁ ብሎ ይተኛበታላ!

ሦስተኛ፣ ምስጢር አጠባበቁ ቢያንስ ደብሊውፒኤ 2፣ ቢቻል በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ደብሊውፒኤ 3 ይሁን። ካሜራዎች ግን አብዛኞቹ የድሮውንና 2.4 ጊጋኸርዙን ብቻ ስለሚያውቁ ራውተሩ ሁለቱንም አጣምሮ የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል። 2.4 ከ5 ይልቅ ግድግዳ አልፎ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ለመጋዘኑ ካሜራም የሚበጀው እሱ ነው።

አራተኛ፣ አምራቹ ማሻሻያ ይልክለታል ወይ? ራውተርም እንደ ስልክ አፕዴት ይፈልጋል። ርካሽ ተብሎ የተገዛና አምራቹ የረሳው ራውተር ቁልፉ በየሰፈሩ የተቀረጸ በር ነው።

ለአብደራፊ ሲሆን

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የፋይበር መስመር ላለው ሰው የሚሆነው ራውተር ለአብደራፊ ላይሆን ይችላል። ቆላው የራሱ ጥያቄ አለው።

መስመር ባልተዘረጋበት ኢንተርኔቱ የሚመጣው በሲም ካርድ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ሲም የሚጎርስ ሆኖ፣ ከጀርባው ደግሞ የኬብል መግቢያ ቢኖረው መልካም ነው፤ ነገ መስመር ሲመጣ አዲስ ግዢ አያሻም። ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆንም ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ስላለ በሰፈራችሁ የተሻለ የሚይዘውን መርጣችሁ መቀየር እንድትችሉ ነው። ድንበር አካባቢ ደግሞ ዳታ ሮሚንግ የሚለውን አጥፉት። ሲሙ የጎረቤት አገር ኔትወርክ ላይ ዘሎ ሂሳብ እንዳያስቆጥራችሁ።

ሙቀቱስ? ብዙ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለ አየር ነው። ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል። በእነ አብደራፊ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ቀትር ላይ ሙቀቱ ከዚህ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ራውተር ደግሞ ምጣድ ላይ እንደተጣደ ነው። ዝቅ ብሎ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። «አቧራ እንዳይነካው» ተብሎ ዳንቴል አይልበስ፤ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

መብራት ሲጠፋ ካሜራውም ዘበኝነቱን ያቆማል። ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚበሉትም ትንሽ ነው። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆያቸዋል። ቮልቱ ከራውተሩ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የሶላር ባትሪ ላይ ግን በቀጥታ አትሰኩ። 12 ቮልት የተባለው ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት ሊያልፍ ስለሚችል በመሀል ማስተካከያ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ ለወራት ዘልቋል። ያን ጊዜ ምስሉን ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ግን ራውተሩ ሞተ ማለት አይደለም። መብራት እስካለው ድረስ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ማገናኘቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚቀዳ፣ ያለ ኢንተርኔትም በቤቱ ዋይፋይ ብቻ የሚታይ ዓይነት ይሁን። «ጓዳው ዘበኛ ቤትን ማየት አለበት» ያልኩትም ለዚህ ነው። ካሜራውን ከስልክሽ ሙሉ በሙሉ ካጠርሽው ኢንተርኔት ሲጠፋ አንቺም አታይውም።

በትንሽ ወጪ፦ ሁለት ራውተር

እህቴ፣ ላንቺ የሚበጀውን ልንገርሽ። ስምንት አንቴናው ይቅር። አሁን ያለው ሲም የሚገባበት ራውተር እውነተኛ ጌስት ኔትወርክ ካለው አይጣል። አጠገቡ አንድ ተራ፣ ርካሽ ሁለተኛ ራውተር ይገዛ። ወዳጄ የነገረኝ አሠራር ይህ ነው።

የፊተኛው ሲም ያለበት ራውተር ነው። የእሱ ጌስት ለተከራዮች ይሁን፤ በር ላይ የሚለጠፈው ፓስወርድ የጌስቱ ብቻ! የእሱ ዋና ዋይፋይ ደግሞ ዘበኛ ቤት ይሁን፤ ካሜራዎቹና ቲቪው እዚያ ይግቡ። ፓስወርዱን ካንቺና ከወንድምሽ በቀር ማንም አይወቀው። ሁለተኛው ራውተር ጓዳ ነው። ከፊተኛው አንዱ የኬብል ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ሁለተኛው «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» ወደሚለው ቀዳዳ በኬብል ይገናኝ። የአባትሽና ያንቺ ስልክ በሁለተኛው ዋይፋይ ይሁን። የሁለቱ ራውተሮች አድራሻ ይለያይ፤ አንዱ 192.168.1.1 ከሆነ ሌላው 192.168.2.1 ይሁን። ሁለተኛው «ራውተር» በሚለው ሥራ ላይ ይሁን፤ «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው ከተቀየረ ግድግዳው ይፈርሳል።

በዚህ አደራደር ከውስጥ ያለሽው አንቺ ወደ ውጭ ወጥተሽ ካሜራውን ታያለሽ፤ ከውጭ ያለው ግን ወደ ውስጥ በሩን አያገኘውም። ኢንተርኔት ቢጠፋም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይሠራዋል። ለእንግዳ ብሎ ሁለተኛውን ራውተር ይሰጥና ቤተሰቡን ፊተኛው ላይ ይተወዋል። ያ ማለት እንግዳውን ጓዳ አስገብቶ ባለቤቱን ሳሎን ማስተኛት ነው! የፊተኛው ራውተር ጌስት ከሌለውስ? ያኔ ካሜራውን ከተከራይ ጋር ከማሳደር ከቤተሰብ ጋር ጓዳ ይደር። ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ከሁለት ክፉ የተሻለው ነው።

ሁለቱም ራውተሮች ላይ ማስተካከያ ገጹ የሚከፈትበት ፓስወርድ ከዋይፋዩ የተለየ ይሁን። በአንድ ቁልፍ ሲጫኑት የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ ይጥፋ። ዩፒኤንፒና ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ የሚሉትም ይጥፉ። የጌስቱ ፓስወርድ ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር ይቀየር። ራውተሩ የእንግዳን ፍጥነት የሚገድብ ከሆነ ገድቢው፤ አንድ ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሲያወርድ ያንቺ ጥቅል እንዳያልቅ።

አንድ ምስማር ነቅሎ መልሶ መምታት

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ የማይፈታው ነገር አለ። ካሜራው የተሰቀለበት ቦታ! የመጋዘኑ ካሜራ ሌባ ይጠብቃል፤ እሺ። የሴት ልጅ ክፍል ትይዩ የተሰቀለው ግን ማንን ነው የሚጠብቀው? ሰሊጡ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። ተከራይ ባያየው እንኳ ወንድም ጎንደር ቁጭ ብሎ እህቱ ስትገባና ስትወጣ፣ ስትታጠብና ስትለብስ የሚያይበት ምን ምክንያት አለ? ወንድሟ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ አትቀየመኝ። ካሜራውን ወደ ግቢው መዝጊያ አዙረው። አንድ ምስማር ነቅሎ መልሶ መምታት ነው፤ ከስምንት አንቴና ይረክሳል።

ለአባትሽ ደግሞ፣ በደንብ የሚሰሙት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ካላቸው በእሳቸው በኩል ይነገራቸው። ስልኩን ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ልጅቷን ቀጣት እንጂ ሌባውን አልነካውም። ካሜራው ዛሬም ያያል፣ ፓስወርዱ ዛሬም በአምስት በር ላይ ተለጥፏል። እንዲህ ብትያቸው ይገባቸው ይሆናል፦ «አባዬ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ አምስት ቅጂ አስቀርጸን በየተከራዩ በር ሰቅለነው ነበር። አሁን ቁልፉን እንቀይር።» ነጋዴ አባት ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እናንተስ?

እናንተ የከተማ አንባብያን «ይሄ የአብደራፊ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤት ጋር ዋይፋይ ተካፍላችሁ የምትከፍሉ ስንቶች ናችሁ? የቡና ጠጪው፣ የዕቁቡ፣ የልደቱ እንግዳ ሁሉ ፓስወርዳችሁን ይዞ አልሄደም? ሕፃኑን ከቢሮ ሆናችሁ የምታዩበት ካሜራ፣ ደመወዛችሁ ያለበት ስልክና የጎረቤት ልጅ ጌም የሚጫወትበት ታብሌት አንድ ክፍል አይደለም የሚያድሩት?

ዛሬ ማታ ገንዘብ ሳታወጡ ይህን አድርጉ። የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር እዩ። የማታውቁት ስም ካለ ፓስወርዱን ቀይሩ። ጌስት የሚል ካለ አብሩትና እንግዳን ወደዚያ ሸኙ። ካሜራችሁን ቀና ብላችሁ ተመልከቱና «ይሄ የሚያየው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ደብዳቤዎቻችሁን እንጠብቃለን። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!